ስኳር የሚከፍተው በር፦ ከፓሪስ እስከ ዘነበወርቅ



ከመካከላችን ሁለታችን ያደግነው ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ አንዳችን አጠና ተራ፣ አንዳችን ዓየር ጤና። ልጆች ሳለን ታክሲ ውስጥ ወያላው «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ የሚሆነውን ሁለታችንም እናስታውሳለን። ሰው ፀጥ ይላል። ወራጅ ካለ ዓይን ሁሉ ወደ ጣቱ ይሄዳል። አንድ ወያላ የአንዲት እናትን ሳንቲም በጨርቅ ሲቀበል አይተናል። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ትምህርት ቤት «ሰፈርሽ የት ነው?» ስንባል «ወደ ጦር ኃይሎች አካባቢ» እያልን ስንት ዓመት ዋሽተናል!

ጋዜጠኝነት ተምረን ከወጣን በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከእኛ መሐል ሳይንስ ነክ ወሬ የሚወድ አለ፤ እሱ ስለ ሰው ሠራሽ ባዮሎጂ አንድ ነገር አነበበና ሁላችንንም አስነበበን። ባክቴሪያ ውስጥ የሚገባ፣ ስኳር ሲያገኝ የሚበራ፣ ስኳር ሲያጣ የሚጠፋ የዘረመል ማብሪያ ማጥፊያ አለ ይላል። ጉድ ነው ብለን ክሩን ስንስብ ስንስብ… ክሩ የት ቢወስደን ጥሩ ነው? ዘነበወርቅ። አለርት ግቢ። እኛ ስሙን የሸሸነው ቦታ።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ክር ነው። አይዟችሁ፣ ፈተና የለውም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደጻፍናቸው ብቻ ያዙልን።

ታሪኩን ከስሙ እንጀምር። አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም አለ። ሀንሰን ማን ነው? የኖርዌይ ሐኪም ነው። በ1873 ቤርገን በተባለችው ከተማ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ቁስል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር እንደ ቀጫጭን ዘንግ ያሉ ባክቴሪያዎች አየ። ያኔ የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። (የእኛም ሰው «በዘራቸው አለ» ሲል ኖሯል፤ እነሱም እንደኛው ነበሩ ማለት ነው።) ሀንሰን ግን አይደለም፣ ተላላፊ ነው፣ አምጪው ይኸው አለ።

ችግሩ ማስረጃ ነበር። አንድ ባክቴሪያ የበሽታ መንስኤ መሆኑን ለማሳየት ባክቴሪያውን ከሰው አውጥቶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማራባት ያስፈልጋል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን እምቢ አለ። ሀንሰን ሞከረ፣ አልበቀለም። እንስሳት ላይ ሞከረ፣ አልሆነም። በ1879 ከአንድ ታማሚ የወሰደውን ነገር በመርፌ አድርጎ፣ ሆስፒታል ውስጥ የነበረች አንዲትን ሴት ሳያስፈቅድ ዓይኗን ወጋ። ሴትዮዋ ዝም አላለችም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 ሀንሰን ከሆስፒታል ሹመቱ ተነሳ። ሳይንቲስትነቱ ግን አልተነካም፤ የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ኃላፊ ሆኖ ቀጠለ።

ይህን የምንጽፈው ሐሜት ስለሚጥመን አይደለም (ይጥመናል እንጂ)። የዚህ ባክቴሪያ እምቢተኝነት የታሪኩ ሁሉ ሞተር ስለሆነ ነው። እስከ ዛሬ፣ ከ150 ዓመት በኋላም፣ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ብልቃጥ ውስጥ ያበቀለ ሰው የለም። አብዛኞቻችን አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። የሥጋ ደዌው አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም ሕያው ገላ ውስጥ ካልሆነ አይሞክረውም። በ1960 ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ የአይጥ መዳፍ ላይ በጥቂቱ አራባው። በ1971 ደግሞ አርማዲሎ የሚባል፣ ጀርባው እንደ ጋሻ የሆነ የአሜሪካ እንስሳ ውስጥ በብዛት እንደሚራባ ታወቀ፤ የእንስሳው ገላ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ይስማማዋል። ከዚያ ወዲህ ለምርምር የሚሆን ባክቴሪያ ከአርማዲሎ ጉበት ማግኘት ተቻለ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ዘነበወርቅ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በወጣትነቷ የሞተችው ልዕልት ስም ነው። በ1930ዎቹ እዚያ ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ማከሚያ ተከፈተ፤ ያኔ ቦታው ከከተማ ውጪ ነበር፤ እንዲርቅ ነው የተፈለገው። ሰው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ እየመጣ ታከመ። የዳነውም ግን ወደ አገሩ ለመመለስ ፊት አጣ፤ ስለዚህ እዚያው ግቢው ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፣ አገባ፣ ወለደ። ሰፈር የሆነው እንዲህ ነው። ከተማው የማይፈልገውን ሁሉ ወደዚያ ሲገፋ ቆሻሻውም ተከተለ። ቆሼን ታውቁታላችሁ። በማርች 2017 ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀበረው ያ ክምር ከአለርት ሩቅ አይደለም።

በ1965 አለርት ተመሠረተ፤ ዓላማው ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እዚያው ግቢ የምርምር ተቋሙን አቋቋሙ፤ በሀንሰን ስም። ከመጀመሪያዎቹ ዳይሬክተሮች አንዱ ቶሬ ጎዳል የተባለ ወጣት ኖርዌጂያዊ ነው። ኮልፌ ተቀምጦ ያጠናው፣ አንዱ ሰው ባክቴሪያው ገብቶበት ምንም ሳይሆን ሌላው ለምን ይጎዳል የሚለውን ነው። መልሱን የፈለገው በታማሚዎቹና አብረዋቸው በሚኖሩ ሰዎች ደም ውስጥ፣ በነጭ የደም ሴሎች ነው። ከዚህ ሰፈር ሌላም ትልቅ ነገር ወጥቷል፤ በ1977 ከአለርት የወጡ ጥናቶች ለብቻው ሲሰጥ የኖረው ዳፕሶን የተባለ መድኃኒት ብዙ ታማሚዎች ላይ መሥራት እንዳቆመ አሳዩ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሰጠው የሦስት መድኃኒቶች ጥምረት በ1981 ሲወሰን ካስገደዱት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። የሰፈራችን ሰዎች ገላ የከፈለው ማስረጃ ነው። ትምህርት ቤት ግን አልነገሩንም።

እሺ፣ ስኳሩስ?

ስኳሩ ፓሪስ ነው። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከተማዋ በጀርመን ተይዛለች። ዣክ ሞኖ የተባለ ተመራማሪ ቀን ባክቴሪያ ይመግባል፣ ከዚያ ደግሞ በኅቡዕ የፀረ ናዚ ትግል ውስጥ ነው። ለባክቴሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ስኳር ቀላቅሎ ሲሰጣቸው አንድ የሚገርም ነገር አየ። መጀመሪያ ግሉኮሱን ጠራርገው ይበላሉ። ከዚያ እድገታቸው ቀጥ ይላል። ትንሽ ቆይተው እንደገና ተነስተው ሁለተኛውን ስኳር ይጀምራሉ። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ እያለ ሽሮ የሚያነሳ አለ? የለም። ዶሮው ሲያልቅ ግን ጥቂት ተክዞ ወደ ሽሮው የማይመለስም የለም። ሞኖ ይህን በ1941 ለዶክትሬቱ ጻፈው። ጥያቄው፣ በመሐል ያለችው የዝምታ ጊዜ ምን ይሠራባታል? የሚለው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ፍራንሷ ዣኮብ ተጨመረ። ዣኮብ ቀዶ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ነበር። ከነፃ ፈረንሳይ ጦር ጋር አፍሪካ ውስጥ ዘመተ፤ በ1944 ኖርማንዲ ላይ ክፉኛ ቆሰለና የቀዶ ሕክምና ሕልሙ እዚያ ቀረ። ወደ ምርምር የገባው ከዚህ በኋላ ነው። በ1958 ክረምት ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ቤት ተቀምጦ፣ ፊልሙን ሳይሆን ሥራውን ሲያሰላስል፣ ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች አንድ መሆናቸው ብልጭ አለለት፤ ባክቴሪያ ውስጥ ተደብቆ የሚተኛው ቫይረስና ስኳር ሲያገኝ የሚነሳው ዘረመል ሁለቱም የሚታዘዙት ለአንድ ዓይነት ነገር ነው። በራቸው ላይ ዘበኛ አለ።

እንዲህ ነው። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ኢ. ኮላይ ላክቶስ የሚቆርጥበት መሣሪያ፣ ማለትም ኤንዛይም፣ መሥራት ይችላል፤ ግን መሥራት ጉልበት ይፈጃል። ስለዚህ የመሣሪያው ትእዛዝ ያለበት ዘረመል በር ላይ አንድ ፕሮቲን ቁጭ ይላል። ዘበኛው እሱ ነው። እሱ እዚያ እስካለ ዘረመሉን የሚያነብበው ማሽን አያልፍም። ላክቶስ ሲመጣ ከላክቶስ የሚገኝ ቁራጭ ዘበኛው ላይ ይለጠፍና ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ዘበኛው በሩን ይለቃል፣ ማሽኑ ይገባል፣ ሥራ ይጀመራል። ማሽኑ የሚያርፍባት ቦታ ፕሮሞተር ትባላለች። (የኮንሰርት አዘጋጅ እንዳይመስላችሁ።) ግሉኮስ ካለ ደግሞ ዘበኛው ቢነሳም ማሽኑ በደንብ አይሠራም፤ የሚገፋው ረዳት ይጎድለዋል። ዶሮ ወጥ ባለበት ሽሮ የለም ያልነው ይኸው ነው።

ሁለቱ ይህን በ1961 ጻፉት። በ1965 ከአለቃቸው ከአንድሬ ሉዎፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙ፤ አለርት በተመሠረተበት ዓመት ማለት ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ደስ ይለናል።

ወዲያው አንድ ተንኮል ተጨመረበት። አይፒቲጂ የሚባል፣ ላክቶስን የሚመስል ሰው ሠራሽ ነገር አለ። ዘበኛው ስኳር ይመስለውና ይነሳለታል፤ ባክቴሪያው ግን ሊበላው አይችልም። ስላልተበላ አያልቅም፤ ስላላለቀ በሩ እንደተከፈተ ይቆያል። በ1966 ሁለት ተመራማሪዎች ሃርቫርድ ውስጥ ዘበኛውን ራሱን ነጥለው ያወጡት አይፒቲጂን ተከትለው ነው። ሌላ ስኳር፣ አራቢኖስ፣ ሌላ ዓይነት ዘበኛ አለው። ስኳር ሲጠፋ በር የሚዘጋው፣ ስኳር ሲመጣ ደግሞ ማሽኑን ራሱ ጎትቶ የሚያስገባው አንድ ፕሮቲን ነው። ኢንግልስበርግ የሚባል አሜሪካዊ ይህን በ1960ዎቹ ሲናገር ለዓመታት የሚሰማው አጣ፤ የፓሪሶቹ ስም ከብዶ ነበርና፣ በር የሚከፈተው ዘበኛ ሲነሳ ብቻ ነው ተብሎ ተይዟል። በኋላ ትክክል እንደነበር ታወቀ። በሳይንስም ወገን አለ ለካ!

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? በላክቶሱ በር ኋላ የወተቱን ዘረመል አውጥታችሁ የፈለጋችሁትን ሌላ ዘረመል ብትተክሉስ? በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰው ኢንሱሊን ዘረመል በዚህ መንገድ ኢ. ኮላይ ውስጥ ተተክሎ ተመረተ፤ በ1982 ገበያ ወጣ። ከመካከላችን የአንዳችን አባት ስኳር በሽታ አለባቸው። ስኳር በከፈተው በር የተጀመረው መድኃኒት ለስኳር በሽታ ሲሆን… እኛ ምንም አንጨምርም።

በሩ ባይኖርስ? ይህን ነው እኛ መጀመሪያ ያልገባን። የባዕድ ፕሮቲን ሁልጊዜ እንዲሠራ የተገደደ ባክቴሪያ ይደክማል፤ አንዳንዱ ፕሮቲን ደግሞ ይገድለዋል። ስለዚህ በሩ ተዘግቶ መጀመሪያ ይባዛ፣ ይጥገብ፣ ሚሊዮኖች ይሁን፤ ከዚያ ስኳሩን ጣል ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ይሠራሉ።

አሁን ሁለቱ ክሮች ይገናኛሉ። ሥጋ ደዌን ለመመርመር ወይም ክትባት ለመሥራት የባክቴሪያው ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ። ባክቴሪያው አይበቅልም። አርማዲሎ ውድ ነው፣ ይዘገያል። ታዲያ ባክቴሪያውን ማብቀል ትተን ዘረመሎቹን በሚበቅል ባክቴሪያ ውስጥ ለምን አናስነብብም?

በ1985 ሪቻርድ ያንግ፣ ባሪ ብሉምና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከአርማዲሎ የተገኘውን የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ቆራርጠው፣ ላምዳ በሚባል ባክቴሪያ በል ቫይረስ ውስጥ፣ በላክቶሱ በር ኋላ ሰኩት። ቫይረሱን ኢ. ኮላይ በተዘራበት ሳህን ላይ ለቀቁት። ከዚህ በኋላ ያለውን ስናነብ ወጥ ቤት ትዝ አለን፦ ስስ የማጣሪያ ወረቀት በአይፒቲጂ ይነከርና ሳህኑ ላይ እንደ እራፊ ይነጠፋል። ወረቀቱ የነካቸው ዘበኞች ሁሉ በራቸውን ይለቃሉ። እያንዳንዷ ነጥብ የደረሳትን የሥጋ ደዌ ቁራጭ ማምረት ትጀምራለች። ፕሮቲኑ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ወረቀቱ ተነስቶ የሥጋ ደዌን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይታጠባል፤ የያዘችው ነጥብ ተፈላጊዋ ናት። እንዲህ አድርገው የአምስት ዋና ዋና ፕሮቲኖችን ዘረመል ለዩ። 106 ዓመት ቆጥራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ሀንሰን መርፌ ይዞ የአንዲት ሴት ዓይን አጠገብ ቆሟል። ወረቀት በስኳር መሳይ ነገር መንከር ያለፈው ያን ችግር ነው።

በ1986 ደግሞ የሰው ነጭ የደም ሴሎች ኢ. ኮላይ የሠራውን የሥጋ ደዌ ፕሮቲን እንደሚያውቁት የሚያሳይ ጽሑፍ ወጣ። ከጸሐፊዎቹ ስም መጨረሻ ላይ ማን አለ? ቶሬ ጎዳል፤ ኮልፌ ላይ ጥያቄውን የጀመረው ሰው። ያኔ ኦስሎ ነበር። በዚያው 1986 ቲ7 በሚባል ቫይረስ ማሽን ላይ የተመሠረተ አዲስ የማምረቻ ዘዴ ወጣ፤ የዚህም ቁልፍ ያው የላክቶስ በር፣ ማስነሻውም ያው አይፒቲጂ ነው። ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚሠራበት እሱ ነው።

ሰው ሠራሽ ባዮሎጂ የሚባለው ሙያ በይፋ ብቅ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በጃንዋሪ 2000 በአንድ መጽሔት፣ በአንድ ዕትም ሁለት ሥራዎች ታተሙ። አንዱ ሁለት ዘበኞችን ፊት ለፊት አቁሞ እርስ በርስ በር እንዲዘጋጉ አደረገ፤ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ሌላው ሦስት ዘበኞችን በቀለበት አሰልፎ ባክቴሪያውን እንደ ሰዓት ብልጭ ድርግም አስባለው። በሁለቱም ውስጥ የላክቶሱ ዘበኛ አለ። ስለዚህ ሙያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እዚህ ይጀምርና ስለ ነዳጅና ስለ ሮቦት ባክቴሪያ ያወራል። እኛ ግን ወደ ሰፈር እንመለሳለን።

የምርምር ተቋሙ በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያም በፊትም ሆነ በኋላ ሥራው ከሥጋ ደዌ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ሰፍቷል። በ1999 እና በ2002 የታተሙ፣ የኢትዮጵያ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተሳተፉባቸው ጥናቶች፣ ኢሳት 6 የተባለ የነቀርሳ ባክቴሪያ ፕሮቲን ደም ውስጥ የሚያስነሳውን ምላሽ ለክተዋል። ዛሬ ድብቅ የነቀርሳ ልክፍትን ከሚለዩ የደም ምርመራዎች ውስጥ ይህ ፕሮቲን አለ።

በ2001 ደግሞ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ሙሉ ዘረመል ተነበበ። ለምን እንደማይበቅል ያኔ ግልጽ ሆነ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ዘረመሎቹ የተሰበሩ፣ የማይሠሩ ናቸው። ራሱን ችሎ መኖር ረስቷል። ከቀሩት ውስጥ የእሱ ብቻ የሆኑት ተመርጠው እንደ ፕሮቲን ተመረቱና በብራዚል፣ በኔፓል፣ በባንግላዴሽና በኢትዮጵያ ሰዎች ደም ላይ ተሞከሩ። በ2014 ዶ/ር ቅድስት ቦቦሻ፣ ዶ/ር አብርሃም አሰፋና የውጭ ባልደረቦቻቸው እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ስትሪፕ ኢትዮጵያ ውስጥ የሞከሩበትን ውጤት አሳተሙ። ስትሪፑ የነጭ የደም ሴሎችን ምላሽም የፀረ እንግዳ አካልን መጠንም እንዲለካ ታስቦ ነው የተሠራው። ስሞቹን ስናይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረታችን ነፋ አለ።

ሥራው ግን አላለቀም። አገራችን አሁንም በዓመት ከ2,000 በላይ አዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይመዘገቡባታል። መድኃኒቱ ያድናል፣ በነፃ ነው፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወሰዳል። ነርቭ ከተጎዳ በኋላ ግን የሞተው ስሜት ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ያለው ቶሎ በማወቅ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ገና ምልክት ያላሳየ ልክፍትን ለመለየት እመክረዋለሁ ያለው አንድም ምርመራ የለም። ለታማሚ ቤተሰቦች መከላከያ የሚሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሪፋምፒሲን መክሯል። ከዚያ ውጪ ያለው ዘዴ ሀንሰንም የሚያውቀው ነው፦ ቆዳን ማየት፣ በጥጥ መዳሰስ፣ «ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅ።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ልንጽፍ ስንነሳ ዘነበወርቅ ሄድን። በስሙ ወረድን፤ «ወራጅ አለ!» ያልነው እኛ ነን። ከግቢው ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉ እናት ጋ ተቀመጥን። እናታቸው ከጎጃም ለሕክምና መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ጤነኛ ናቸው፤ ቢሆንም ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት ሰፈራቸውን ሰምቶ ከሥራ እንደመለሳቸው እየሳቁ ነገሩን። ስለ ዘበኛውና ስለ ስኳሩ ስናወራ በትዕግሥት ሰሙን። ሲኒያችን ውስጥ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር እየጨመሩ «ልጆቼ፣ ይኼ እናንተ የምትሉት ምርመራ፣ የልጅ ልጄን አሁን ብወስዳት ያይላታል?» አሉን።

ገና ነው እማማ፣ አልናቸው። ቆዳዋን ነው የሚያዩላት።

«እሱንማ እኔም ማታ ማታ አየዋለሁ» አሉና ጀበናውን ወደ ከሰሉ መለሱት።